ለአምስት ሽልማት ብቻ የተተወ ቦታ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የልጅን ጉብዝና የሚለኩት አገር ቤት በለመዱት የክፍል ደረጃና በሰርተፍኬት በመሆኑ፣ ልጃቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰበሰበው ሽልማት ሁሉ የታላላቅ ኮሌጆችን በር ያስከፍታል ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ ለሽልማት የሚተወው 5 መስመር ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ በትምህርት ቤት፣ በስቴት፣ በአገር ወይስ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደተገኘ ይጠይቃል። በ2018 በሃርቫርድ የቅበላ አሠራር ላይ በተካሄደው የፍርድ ቤት ክርክር ይፋ እንደሆነው፣ ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ችሎታ የሚሰጠው ከፍተኛው ነጥብ፣ እንከን የለሽ ለማለት በሚያስደፍር ውጤት ላይ የራሳቸውን ምርምር ወይም የተለየ ፈጠራ ለጨመሩ እጅግ ጥቂት አመልካቾች የተጠበቀ ነው።

ከሽልማቶቹ መካከል ወላጆችን አብዝቶ የሚያስጨንቀው ናሽናል ሜሪት፣ በ1955 የተቋቋመና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚወስዱት የፒኤስኤቲ ፈተና ላይ የተመሠረተ የነፃ ትምህርት ዕድል ውድድር ነው። በየዓመቱ ከሚመረጡት 50,000 ያህል ተማሪዎች 16,000 የሚሆኑት ለግማሽ ፍጻሜ ሲያልፉ፣ የቀሩት 34,000 ገደማ «ኮሜንድድ» የሚባል የምስጋና ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ የግማሽ ፍጻሜው መቁረጫ ነጥብ በየስቴቱ የሚለያይና በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከአገሪቱ ከፍተኞቹ መካከል በመሆኑ፣ በሌላ ስቴት የሚያሳልፍ ውጤት እዚህ ላያሳልፍ ይችላል። የፖስታ አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሆነው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት በ2022 መጸው ይህን ደብዳቤ ለተማሪዎቹ የሰጠው የብዙ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበርና፣ በጃንዋሪ 2023 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ከፈተ። ተማሪ በላቡ ያገኘውን ዕውቅና በጊዜው ማወቁ መብቱ ስለሆነ የወላጆቹ ቁጣ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤው የሚመሰክረው የአንድ ቀን የፈተና ውጤትን ብቻ ስለሆነ፣ የኤስኤቲ ፈተናውንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤቱን ለያዘው የቅበላ ሠራተኛ የሚጨምርለት አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ገንዘብ አስከፍለው ሰርተፍኬት የሚልኩ «የክብር ማኅበራት» ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አይጨምሩም።

የሚያሳዝነው፣ ሽልማት ሲቆጠር ከዚያ የሚልቀው ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ኮመን አፕ ከትምህርት ውጪ ላሉ ተግባራት 10 ቦታ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚከፈልበት ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት በግልጽ ከተዘረዘሩት ዓይነቶች ውስጥ ናቸው። አባት ታክሲ፣ እናት የሌሊት ፈረቃ ላይ ሲሆኑ ታናናሾቹን አብልቶ የሚያስተኛ፣ አያቱን ሐኪም ቤት እየወሰደ የሚያስተረጉም፣ ቅዳሜና እሑድ በዘመድ ሬስቶራንት የሚያስተናግድ ልጅ ግን ይህን ሁሉ የልጅነት ግዴታው እንጂ የሚጻፍ ነገር አድርጎ አያየውም፤ ወላጆቹም የቤትን ጉዳይ ለባዕድ መናገር ነውር ይመስላቸዋል። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ልጁ ያመጣው ውጤት በምን ኑሮ ውስጥ እንደተገኘ የሚረዳው ግን ከዚሁ ነው።

አዲሱ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያላቸው ወላጆች ከዚያ ቀን በፊት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ለቤተሰቡ እንደሚሠራ አብረው ይጻፉ።