ምዕራፍ አራት፦ የጎረቤትን ስም መጥራት

አዳምስ ሞርጋን የሚለው የሰፈር ስም የሁለት ትምህርት ቤቶች ስም ነው። አዳምስ የነጮች፣ ሞርጋን የጥቁሮች ልጆች ይማሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማርን ሲከለክል፣ ጎን ለጎን እየኖሩ የማይተዋወቁ ነዋሪዎች አብረው መምከር ጀመሩ፤ ሰፈሩም ሁለቱን ስም አጣምሮ ያዘ። የኢትዮጵያ ምግብ በዋሽንግተን ስም ያወጣው በዚሁ ሰፈር ነውና ለምዕራፋችን ጥያቄ ከዚህ መነሳት ደግ ነው፦ ነጋዴ በማስታወቂያው ወይም በደንበኛው ፊት የተፎካካሪውን ስም ይጥራ ወይስ አይጥራ?

ብዙ ነጋዴ አይጥራ ባይ ነው። «ስሙን በጠራሁ ቁጥር ደንበኛዬን በእጄ ወስጄ ሰጠሁት ማለት ነው» ይላል። የወር ኪራይ ለሚያሳስበው ሰው ስጋቱ እውነተኛ ነው። የዚህ ሰፈር ዋና መንገድ የሆነው የ18ኛው ጎዳና ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል።

ገበያ በተራ ይደምቃል

እ.ኤ.አ. በ1978 ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ሲከፈት፣ እንጀራ ለአሜሪካዊ ተመጋቢ እንግዳ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ከደርግ የሸሸው ሕዝባችን ሲበዛ፣ ቀይ ባሕር፣ መስከረም፣ ፋሲካ የተባሉ ምግብ ቤቶች 18ኛው ጎዳና ላይ የሚተያዩ ጎረቤቶች ሆኑ። ያን ጊዜ እንግዳው «ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ እንብላ» ብሎ የሚወጣው ወደ ጎዳናው ነበር። አንዱ ቤት ወረፋ ቢያይ ሌላው ቤት ይገባል። አንዱ ቤት ቆርሶ መጉረስን ያስተማረውን ሰው ሌላው ቤት ሳይደክምበት ያስተናግደዋል።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ሸማ ፈላጊ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ፈላጊ በርበሬ ተራ ይሄዳል፤ ገዢው ከሩቅ የሚመጣው ተራውን አምኖ ነው። ዕቃ ያለቀበት ባለሱቅ ደንበኛውን «አንዴ ቁጭ በል» ብሎ ልጁን ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልካል። ደንበኛው ባዶ እጁን ከተመለሰ ተራው በሙሉ እንደሚጎዳ ያውቃል። በዋሽንግተን አካባቢም የሺመቤት በላይ ያሳተመችው የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል፤ ጠበቃውን ከጠበቃው፣ ምግብ ቤቱን ከምግብ ቤቱ ጎን አስቀምጦ በአንድ መጽሐፍ ለሁሉም አንባቢ አደረሰ። ኪራይ ሲወደድ ብዙዎች አዳምስ ሞርጋንን ለቀው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲገቡም ያው ልማድ አብሯቸው ሄደ፤ ዛሬም አንዱ ሲከፍት ሌላው አጠገቡ ይከፍታል።

ሕጉ የሚለው

ስም መጥራት ወንጀል የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ፣ ተፎካካሪን በስም ጠርቶ በእውነት ማነጻጸር ሸማቹን ይጠቅማል፣ ጥራትን ያሻሽላል፣ ዋጋንም ሊቀንስ ይችላል ብሎ ደግፎታል። ቅድመ ሁኔታው አለማሳሳት ነው። ስለ ሌላው ሰው ዕቃ በማስታወቂያ የሐሰት ነገር የተናገረ ነጋዴ ግን በላንሃም ሕግ መሠረት በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላል።

አገር ቤትም አቅጣጫው ተመሳሳይ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተፎካካሪን በሐሰት ማጣጣልን ከልክሎ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ በማስታወቂያ ሐሰተኛ ወይም አሻሚ ንጽጽር ማድረግን ተገቢ ካልሆኑ የውድድር ድርጊቶች መደበው። የሁለቱም አገር ሕግ የሚጠላው ውሸቱን ነው።

አንድ እንጀራ እንመርምር

«የእኛ እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ነው፤ የእነ እገሌ ድብልቅ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለመለጠፍ አሰቡ እንበል። መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፦ የእነ እገሌን እንጀራ በምን አወቁ? ጤፍ በአሜሪካ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ጋጋሪዎች የስንዴ ዱቄት፣ ገብስ ወይም ሩዝ ቀላቅለው ያቦኩ ነበር፤ ዛሬም የሚቀላቅል አለ። በዓይን አይቶ ግን ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በቀለሙ ጠቆር ያለ እንጀራ ሁሉ ንጹሕ ጤፍ አይደለም፤ ነጭ ጤፍም አለ።

ነገሩ ከጣዕም ያልፋል። ስንዴ የሚያሳምመው ሰው በቃልዎ ተማምኖ ይበላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 በደነገገው መሠረት «ግሉተን የለሽ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ፣ በስንዴ ውስጥ የሚገኘው የግሉተን ፕሮቲን መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ20 በታች መሆን አለበት። ስለዚህ ስለ ራስዎ ምጣድ በማስረጃ ይናገሩ፤ ስለ ጎረቤት ምጣድ ደግሞ ጎረቤቱ ራሱ በይፋ ከተናገረው አይለፉ።

ከዚህ ሦስት ቀላል መመሪያ ይወጣል። ስም የሚጠሩት ደንበኛው የሚጠቅመው ነገር ሲኖር ይሁን። የተናገሩትን ባለቤቱ ፊት ደግመው ለመናገር የማያፍሩ ይሁኑ። ሌላው የሚበልጥዎትንም አብረው ይናገሩ፤ የራሱን ጉድለት ያልደበቀ ሰው ስለ ሌላው ሲናገር ይታመናል።

አንድ ዓርብ ማታ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይገባሉ እንበል። ልጁ ስንዴ አይስማማውም። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ የእኛ እንጀራ ስንዴ አለበት፤ ለልጁ አይሆንም። ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው ቤት የጤፍ ብቻ እንጋግራለን ይላሉ፤ ምጣዳቸው ለስንዴም ይውል እንደሆነ ግን ይጠይቋቸው» ትላለች። የዚያ ምሽት ሒሳብ ለጎረቤት ይሄዳል። እኚያ እናት ለክርስትና ወይም ለምርቃት ድግስ ምግብ ሲያዙ ግን፣ ለልጁ ጤና ብላ እውነቱን የነገረቻቸው ልጅ የት ቤት እንደምትሠራ አይረሱም።