የጆርናል አርታኢ ተጠያቂነቱ ለማን ነው?

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ በ1999 ዓ.ም ተመሠረተ። ጊምቢና ሻምቡ ላይም ካምፓሶች አሉት። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በአጭሩ ስታር ጆርናል የሚባለውን የምርምር መጽሔት ያሳትማል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የራሳቸውን ጆርናል ማሳተም ከጀመሩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሯቸው አለ፦ የራስን ባልደረባ ሥራ የሚመዝን አርታኢ እንዴት ከአድልዎ ነፃ ይሆናል?

ጉዳዩ ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ የታተመ ጥናት ያስፈልጋል። አርታኢውም መምህር ነው፤ ክፍል ይገባል፣ ተማሪ ያማክራል፣ ጽሑፍ የሚያነበው በተረፈው ሰዓት ነው። ጽሑፍ ያስገባው ሰው ነገ የእሱን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ አገር በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በምኅጻሩ ኮፕ፣ ለእንዲህ ያለው የጥቅም ግጭት መልስ አለው፦ አርታኢው ጉዳዩን ለሌላ አሳልፎ ይስጥ። አነስተኛ የትምህርት ክፍል ውስጥ ግን ሌላው አርታኢም ያው ባልደረባ ነው። የጸሐፊውን ስም መሸፈንም ብዙ አይረዳም፤ ገምጋሚው ያንኑ ሥራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ሲቀርብ ሰምቶት ይሆናል። ጽሑፉን ወደ ጅማ፣ ወደ ሐሮማያ ወይም ወደ ባሕር ዳር መላክ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ግን ሌላ መንገድ አይታየኝም። ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ጸሐፊው ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ ወደሚያሳትሙ ጆርናሎች ይሄዳል። ስለዚህ ጽሑፍን ያለ መልስ ማቆየትም የሥነ ምግባር ጉድለት ነው።

ሥራው የማን ነው የሚለው የጽሑፍ ባለቤትነት ጥያቄም አዲስ አይደለም። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሳ በሁሉም አፍ ያለው የተርጓሚው የኦነሲሞስ ነሲብ ስም ነው። ቃላቱን የሰበሰበችው፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ አውጥታ የጻፈችው አስቴር ጋኖ ግን ለረጅም ጊዜ የምትታወሰው በረዳትነት ነበር። ዛሬም ተማሪ ከመስክ ያመጣውን መረጃ አማካሪው በቀዳሚ ጸሐፊነት የራሱን ስም አስቀምጦ ሲያስገባ፣ ማን ምን እንደሠራ በጽሑፍ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው አርታኢው ነው። ሳይጠይቅ ካሳተመ የበደሉ ተካፋይ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰው ነው። የወለጋ ዞኖች ለዓመታት በትጥቅ ግጭት ውስጥ ኖረዋል፤ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶ ለሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት በብዙ ቦታ ተቋርጦ ነበር። መፈናቀልን፣ የተዘጋ ጤና ጣቢያን ወይም የቡና ገበያን የሚያጠና ተመራማሪ የሚያነጋግረው በዚህ ሁኔታ ያለፉ ሰዎችን ነው። የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ የሚሰጠው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻው አንባቢ አርታኢው ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ጽሑፉ “የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ 34 ዓመት፣ የሦስት ልጆች እናት” ይልና የቀበሌውን ስም ይጨምራል። የሴትዮዋ ስም የለም፤ ጸሐፊውም ደንቡን ያከበረ ይመስለዋል። ይሁንና ፕሮግራሙ በአንድ ቀበሌ የሚመድበው በተለምዶ ሁለት ሠራተኞችን ነው። ጎረቤቷ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ መሣሪያ የያዘውም ሰው በቀላሉ ያውቃታል። ስለ የትኛው ወገን ምን እንደተናገረችም ከነቃሏ ተቀምጧል። ገምጋሚው የናሙናውን አወሳሰድና የስታቲስቲኩን ስሌት መርምሮ ያልፈዋል። አርታኢው ግን “ይህ ቀበሌ መጠራቱ ለግኝቱ ምን ጨመረ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ ምንም ከሆነ፣ የወረዳውም ስም ቢሆን ይውጣ።

ጆርናሎቻችን በድረ ገጽ በነፃ መነበባቸው መልካም ነው፤ የነቀምቴ ተማሪም የዋሽንግተን ምሁርም እኩል ያነቧቸዋል። በዚያው ልክ፣ ከታተመ በኋላ የሚወጣ ማረሚያ የተሳሳተ ሠንጠረዥን ያስተካክል እንደሆነ እንጂ፣ ሰዎች በስልካቸው ያወረዱትን ፒዲኤፍ መልሶ አይሰበስብም።