የጆሮ ማዳመጫ እንዴት ይመረጣል?

በዛሬው ንግግራችን የምንገልጽላችሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን ምን ነገር ማመዛዘን እንደሚገባው ነው። የጆሮ ማዳመጫ ዛሬ በየቢሮው፣ በየአውቶቡሱና በየቤቱ የሚታይ ዕቃ ሆኗል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚመርጠው በመልኩ፣ በስሙ ወይም በዋጋው ነው እንጂ በጆሮው አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ሳይመረምሩ የገዙት ማዳመጫ ጥቂት ቀን ካገለገለ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ይቀራል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ለሰው ሁሉ የሚስማማ አንድ ማዳመጫ አለመኖሩ ነው። አንዳንዱ አድማጭ የዘፋኙ ድምፅ አጠገቡ ተቀምጦ እንደሚያወጋ ሰው ቀርቦና ጠርቶ እንዲሰማው ይወዳል። ሌላው ደግሞ መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ስፍራ ስፍራቸውን ይዘው፣ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱም ከራቅ ካለ ቦታ ሲሰማ ደስ ይለዋል። የፊተኛውን የድምፅ ቅርበት፣ የኋለኛውን የድምፅ ስፋት ብለን እንጥራቸው። ሁለቱን እኩል አሟልቶ የሚሰጥ ማዳመጫ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ገዢው የትኛውን እንደሚያስቀድም በቅድሚያ ሊወስን ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ ስለ ድምፅ ቅርበት እንናገር። ጤናማ የሆነ የወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ለመስማት ይችላል፤ የዚህም መለኪያ ሄርዝ ይባላል። የንግግር መሠረታዊ ድምፅ በአዋቂ ወንድ ከ100 ሄርዝ ጥቂት ከፍ ያለ፣ በሴት ደግሞ 200 ሄርዝ ገደማ ነው። ነገር ግን ቃልን ከቃል የምንለይበት ጥራት በአብዛኛው የሚገኘው ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክፍል ነው። የጆሯችን ቀዳዳም ርዝመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል በመሆኑ፣ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጐላዋል። ስለዚህ ማዳመጫው በዚህ ክፍል የደከመ እንደሆነ ዘፋኙ ከመጋረጃ በስተኋላ የቆመ ይመስላል፤ ከልክ በላይ የበረታ እንደሆነ ደግሞ ድምፁ ጆሮን ያሰለቻል። ወፍራም ድምፅ የሚበዛበት ማዳመጫም የከበሮውን ምት እያገነነ የዘፋኙን ቃል ይሸፍነዋል።

ለዚህ ምርመራ የገዛ ቋንቋችን መልካም ሚዛን ነው። «ተፋ» እና «ጠፋ» የሚሉትን ቃላት የሚለያያቸው እጅግ አጭር የሆነ የድምፅ ፍንጣቂ ነው። እንዲህ ያሉትን ቃላት ያለ ድካም ለይቶ የማያሰማ ማዳመጫ ለድምፅ ወዳጅ አይሆንም። በአንጻሩም «ሰ» እና «ሸ» በመጡ ቁጥር እንደ ፉጨት ጆሮን የሚወጋ ከሆነ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከመጠን አልፏል ማለት ነው። የበገና መዝሙርም ጥሩ ፈተና ነው። የአሥሩ አውታር ጎርናና ድምፅና የዘማሪው ዝግ ያለ ቃል የተቀራረቡ በመሆናቸው፣ ሁለቱን ሳይደበላልቅ የሚያሰማ ማዳመጫ ሊመሰገን ይገባዋል።

ወደ ድምፅ ስፋት እንለፍ። ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የምናውቀው በሁለት ጆሮ በመስማታችን ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኙን ጆሮ ቀድሞ ያገኘውና ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በራስ ቅላችን ተጋርዶና ደከም ብሎ፣ ወደ ግራው ይደርሳል። አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ባለ ሁለት መስመር ወይም ስቴሪዮ የሚባለው አቀራረጽ የተመሠረተው በዚህ የተፈጥሮ ሥርዓት ላይ ነው። ከድምፅ ማጉያ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ማጉያዎች በሁለቱም ጆሮዎቹ ይሰማል። በማዳመጫ ግን የቀኙን የሚሰማው ቀኝ ጆሮ ብቻ፣ የግራውንም ግራ ጆሮ ብቻ ስለሆነ፣ ሙዚቃው በራሳችን ውስጥ የታጠረ መስሎ ይታየናል።

ይህን ለማሻሻል ጀርባቸው ክፍት የሆነ ማዳመጫዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህም ስመ ጥር የሆነው ሴንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤችዲ 414 ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው አየር ስለሚያስተላልፍ ድምፁን ሰፋ አድርጎ ያሰማል፤ ይሁን እንጂ ሙዚቃው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጭውም ጫጫታ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጸጥ ላለ የመኖሪያ ክፍል እንጂ ብዙ ሠራተኞች አብረው ለሚሠሩበት ቢሮ አይስማማም። ጀርባው የተዘጋውና ወደ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ከጫጫታ ይከልላሉ፣ የዘፋኙንም ድምፅ ለማቅረብ ይመቻሉ፤ ስፋታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። በአንድ መስመር ብቻ የተቀረጸ የቆየ ዘፈን፣ ማዳመጫው ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ስፋት ሊያገኝ አይችልም፤ በቀረጻው ውስጥ የሌለውን ማዳመጫው ከየት ያመጣዋል? እንግዲህ አብልጦ እንዲህ ያሉትን ዘፈኖች የሚወድ ሰው ለድምፅ ስፋት ገንዘብ ከሚያወጣ ይልቅ ለቃል ጥራት ቢያወጣ ይጠቀማል። መሣሪያ የበዛበት፣ በሁለት መስመር የተቀረጸ የኢትዮ ጃዝ ሙዚቃ የሚወድ ግን ስፋትን ቢያስቀድም የተገባ ነው።

በመደብር ውስጥ ምርመራው እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል። አንደኛ፣ አሳምራችሁ የምታውቋቸውን ሦስት ዘፈኖች ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ማዳመጫዎቹን በእኩል የድምፅ መጠን አወዳድሩ፤ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ያታልላልና። ሦስተኛ፣ ወደ ጆሮ የሚገባ ከሆነ የላስቲኩን ልክ ለዋውጡ፤ ላስቲኩ ቀዳዳውን ካልሞላው ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ይጠፋል። አራተኛ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አድርጋችሁ ቆዩ፤ ጆሮን የሚቆጠቁጥ ማዳመጫ ድምፁ ቢያምርም አይዘለቅም። ስለ ዋጋም ቢሆን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 283 ማዳመጫዎች ተለክተው፣ በዋጋቸውና ዝቅተኛውን፣ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ በሚያመጣጥኑበት ሁኔታ መካከል ግንኙነት አልተገኘም።

በመጨረሻ፣ ከዕቃው ይልቅ ጆሮ እንደሚበልጥ ልናሳስብ እንወዳለን። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የወሰነው መጠን፣ በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ቢል ግን ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከጠፉ አይተኩም። በአውቶቡስ ጫጫታ መካከል የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን ከፍ ለማድረግ ይገደዳልና፣ ለመንገድ ጫጫታን የሚከለክለውን ዓይነት መምረጥ ለጆሮም ጤና ይበጃል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፤ ምን እንደምታዳምጡና የት እንደምታዳምጡ አስቀድማችሁ ከወሰናችሁ፣ ምርጫው አያስቸግራችሁም። የሻጩን ምስጋና ስሙ፤ ፍርዱን ግን ለገዛ ጆሯችሁ ተዉለት።