ያውቁ ኖሯል? የባሮ ዳር ባለመሬቶች

ጋምቤላ ላይ የባሮን ወንዝ ተንተርሶ የሚገኝ መሬት ለሱዳን መንግሥት ተከራይቶ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ሱዳንን ትገዛ ከነበረችው ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት ፈቀዱ። ወንዙን የሚነካው ጎኑ ከ2,000 ሜትር እንዳያልፍ ተወሰነ። በእግር ቢሄዱት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ተከራዩ ግን ከመነገድ አልፎ ቦታውን የማስተዳደር መብትም ነበረው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከኢሉባቦር ደጋ የወረደው ቡና በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ሱዳን በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ።

መሬትን በወንዝ ዳር ርዝመት ለክቶ ከነአስተዳደሩ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። የሆላንድ ምዕራብ ሕንድ ኩባንያ በ1629 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ፣ ዛሬ ኒውዮርክ በሚባለው አገር 50 ሰው በ4 ዓመት ውስጥ ላሰፈረ ባለሀብት በወንዙ በአንድ በኩል 4 የሆላንድ ማይል መሬት ይሰጥ ነበር። ባለመሬቱ “ፓትሩን” ይባላል። ሹም ይሾማል፣ ችሎት ያስችላል።

ከሁሉም የገነነው ፓትሩን መሬቱን አንድም ቀን በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅስ ያውቁ ኖሯል? ኪሊያን ቫን ሬንሰላር የአምስተርዳም የዕንቁ ነጋዴ ነበር። ጭሰኞቹን የሚያዝዘው ባሕር አቋርጦ በሚላክ ደብዳቤ ነው። በልጅ ልጆቹ ዘመን ገበሬው በየዓመቱ ስንዴ፣ 4 የሰቡ ዶሮዎችና ከነጋሪው የአንድ ቀን ሥራ ይገብር ነበር። ጭሰኞቹ በ1839 (እ.ኤ.አ.) “አንከፍልም” ብለው ተነሡ። የኒውዮርክ ሕገ መንግሥትም በ1846 (እ.ኤ.አ.) የረጅም ዘመን የእርሻ ኪራይን ከለከለ።

የእኛው ጉልተኛም ከፓትሩን የራቀ አልነበረም። ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል። ጉልት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች በሕይወት አሉ።

የባሮ ዳር ነዋሪ በሆኑት አኝዋዎች ዘንድ ደግሞ ሹሙን የሚሽረው ሕዝቡ ራሱ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው። የመንደሩ አለቃ “ኳሮ” ይባል ነበር። ሰው ወደ እሱ ሲቀርብ ጎንበስ ይል፣ እርሻውንም መንደርተኛው ያርስለት ነበር። ክብሩ ግን ከነዕዳው ነበር፤ ግቢው የመጣ ሁሉ የሚበላበትና የሚጠጣበት መሆን ነበረበት። እጁ ያጠረ ወይም የሰሰተ እንደሆነ መንደሩ ይነሣበትና ከዚያው ከአለቆች ዘር ሌላ ሰው ይተካ ነበር። ይህ አመፅ “አገም” ይባላል፤ የታወቀ የሥርዓቱ አካል ነበር። “ኒያ” የሚባሉት መኳንንት ደግሞ የሚከበሩት በአንገት ጌጥ ነው። “ኡቹዎክ” የሚባለው ጥንታዊ የጨሌ ሐብል ያረፈበት ሰው ከፍተኛውን ማዕረግ ይይዛል። ለዚህች ሐብል ሲባል ብዙ ደም ፈስሷል።

ወደ መሬቱ እንመለስና፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ ወስኖ ነበር። ቁጥሩን ልብ ይበሉ።

በ2010 (እ.ኤ.አ.) በጋምቤላ ክልል ለአንድ የውጭ ኩባንያ ስንት ሔክታር እንደተከራየ ያውቁ ኖሯል? 100,000! ተከራዩ ካሩቱሪ በጽጌረዳ አበባ ንግድ የታወቀ የሕንድ ድርጅት ነበር። ኪራዩ በሔክታር በዓመት 20 ብር፣ ዘመኑ 50 ዓመት ነበር። መሬቱ በኢታንግና በጂካዎ ይገኛል፤ አንደኛው ስም ከምኒልክ ውል ጀምሮ አብሮን አለ። ውሉ በተፈረመ በቀጣዩ ዓመት ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ የኩባንያውን በቆሎ አጥለቀለቀው። የወንዙን ጠባይ የባሮ ዳር ሰው ልጅ ሳለ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ውሉ ሲፈረም ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባው የነበረውም እሱ ነበር። መንግሥት በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ውሉን ሲሰርዝ፣ ከ100,000ው ሔክታር ለምቷል የተባለው 1,200 ብቻ ነው።