በትራክተሩና በመውቂያው መካከል

ኅዳር ገብቶ አዝመራው ሲደርቅ በምዕራብ ጎጃም፣ በአርሲና በባሌ ትራክተሩ ሥራ ይለውጣል። ዲስክ ማረሻው አጥር ጥግ ይቀመጥና ከኋላው የበቆሎ መፈልፈያ ወይም መውቂያ ይታሰራል፤ ባለትራክተሩም ከአውድማ አውድማ እየዞረ በኩንታል ያስከፍላል። ማረሻ ከትራክተር የሚፈልገው መጎተት ብቻ ነው። መፈልፈያ ግን መሽከርከር ይፈልጋል። ያንን የሚያገኘው ከትራክተሩ ኋላ ብቅ ካለችው ጥርሳም ጫፍ፣ ፒቲኦ ከምትባለው፣ በካርዳን በኩል ነው።

ካርዳን ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው፤ በሁለት ጫፉ ክሮቼራ የሚባል ተጣጣፊ የመስቀል መጋጠሚያ፣ መሐሉ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ቱቦ። መፈልፈያውን የሚያሽከረክረው ጉልበት በሙሉ የሚያልፈው ግን በእሱ ነው። እንዲህም ሆኖ ጠያቂ የለውም። ለትራክተሩ አስመጪው ዋስትና ይሰጣል፤ መፈልፈያውን የበየደው ወርክሾፕ ስልክ ቁጥሩን ይጽፍበታል። ካርዳኑ ግን ከአሮጌ ብረት ተራ ይፈለጋል። አጭር ከሆነ በብየዳ ይቀጠላል፣ ረጅም ከሆነ ይቆረጣል፣ የፕላስቲክ መከላከያው ከተሰነጠቀ ተገንጥሎ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ይፈነዳል፣ አዝመራ አውድማ ላይ እንደተከመረ ይቆያል፣ ሰው እጁን ያጣል። ይህን ሁሉ «አጋጣሚ» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። እኔ ግን አብዛኛው አጋጣሚ አይደለም እላለሁ፤ ካርዳኑ ሲመረጥና ሲገጠም አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

የፒቲኦ ዘንግ የተፈለሰፈው ከአጨዳ ችግር የተነሣ ነው። የጥንቱ የአጨዳ ማሽን ጉልበቱን የሚያገኘው መሬት ላይ ከሚንከባለለው የራሱ ጎማ ነበር፤ መሬቱ ሲጨቀይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ምላጩም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1906 ፈረንሳዊው አልበርት ጉዢ የትራክተሩን ሞተር በዘንግ ከአጨዳ ማሽን ጋር አገናኘው። ሐሳቡን የወሰደው የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ኩባንያ በ1918 «8-16» በተባለው ትራክተሩ ላይ ለገበያ አቀረበው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የግብርና መሐንዲሶች ማኅበር የአንዱ ፋብሪካ ማሽን ከሌላው ትራክተር ጋር እንዲገጥም የጋራ ደረጃ አወጣ፤ ዛሬ ኦፕሬተሩ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያየው በደቂቃ የ540 ዙር ምልክት መነሻው ያ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ስለ ትራክተር ያልተነሣ ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተመሠረተው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ሲያፈናቅሉ ጥያቄው «ትራክተሩ የማን ነው?» የሚል ነበር፤ ተገቢም ጥያቄ ነበር። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ፣ በናዝሬትም የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የግብርና ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የሚቆጠረው የገባው ትራክተር ነው። ከኋላው ምን እንደታሰረና በምን እንደታሰረ የሚቆጥር አላየሁም።

ምርጫው የሚጀምረው ከፍጥነቱ ነው። ስድስት ጥርስ ያላት 35 ሚሊሜትር ጫፍ የ540 ዙር ናት። ሃያ አንድ ጥርስ ያላት ደግሞ፣ ውፍረቷ ያው 35 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ የ1000 ዙር ናት። ፋብሪካዎች ጥርሱን የለያዩት ለ540 የተሠራ ማሽን ሳይታሰብ 1000 ዙር ላይ እንዳይገጠም ብለው ነው። ስለዚህ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር አዳፕተር መግጠም ያንን ጥበቃ ማፍረስ ነው። ለ540 የታሰበ የመውቂያ ከበሮ እጥፍ ሊሆን በተቃረበ ፍጥነት ሲዞር ብረቱ ተበጥሶ ሰው ላይ ይወረወራል።

ቀጥሎ ጉልበቱ ይታሰባል። 50 የፈረስ ጉልበት በ540 ዙር ሲተላለፍ ካርዳኑን የሚጠመዝዘው ኃይል ወደ 660 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ማንሻ ጫፍ ላይ ከ65 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው እንደተንጠለጠለ ማለት ነው። ያው 50 የፈረስ ጉልበት በ1000 ዙር ቢሆን ጥምዘዛው ወደ 356 ይወርዳል። ብዙ ገዢ የማይጠብቀው ይህን ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዞረው ካርዳን ነው የበለጠ የሚጨነቀው። ስለዚህ የካርዳን መጠን የሚመረጠው ጉልበቱና ፍጥነቱ አብረው ታይተው ነው። መለዋወጫ ሲፈለግም «የማሲ» ወይም «የቤላሩስ» ማለት አይበቃም፤ የክሮቼራው ኩባያ ስፋትና የመስቀሉ ርዝመት በካሊበር ይለካል። 27 በ74.6 ሚሊሜትር የሆነው በብዙ መካከለኛ ካርዳኖች ላይ የሚገኝ ነው። ትልቅ ካርዳን ከገዛሁ አይሰበርም የሚል ደግሞ ይሳሳታል። ካርዳኑ አልሰበር ካለ ቀጥሎ የሚሰበረው የመፈልፈያው ካምቢዮ ወይም የትራክተሩ ፒቲኦ ነው፤ ሁለቱም ከካርዳን ብዙ እጥፍ ይወደዳሉ።

ርዝመት ላይ የሚሠራው ጥፋት ከሁሉ የበዛ ይመስለኛል። ትራክተሩ ሲታጠፍና መሣሪያው ሲነሣና ሲወርድ ቱቦዎቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ካርዳኑ ከረዘመ ቱቦው ጥግ ይደርስና የትራክተሩን ፒቲኦ ኩሺኔት ወደ ውስጥ ይገፋል። ካጠረ ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች የሚነባበሩበት ርዝመት ያንስና ጉድባ ሲሻገሩ ይለያያሉ፤ አንዱ ግማሽ እየተሽከረከረ ያገኘውን ሁሉ ይገርፋል። በሥራ ላይ ቢያንስ የርዝመቱ ሲሶ መነባበር አለበት፤ በጣም ባጠረበት ጊዜም ጥቂት ሳንቲሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። መቁረጥ ካስፈለገ የውስጡም የውጭውም ቱቦ፣ የሁለቱም መከላከያ በእኩል ልክ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፣ ግራሶ ይቀባል። በቱቦዎቹ ሁለት ጫፍ ያሉት የክሮቼራ ሹካዎችም በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ከተዛነፉ ክሮቼራው በየዙሩ ሁለት ጊዜ የሚፈጥረው የፍጥነት መዋዠቅ በሌላው ጫፍ አይሰረዝም፤ ንዝረቱ ኩሺኔቱን ይበላል።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ ልምጣ፤ በዝርዝር መናገር የምፈልገው ስለ እሱ ነው። በመሣሪያው በኩል ባለው የካርዳን ጫፍ የሚቀመጠው ይህ ፍሪሲዮን በሞላ ተጨንቆ የተያዘ የብረት ሰሌዳና ሸራ ንብርብር ነው። ድንጋይ ወይም ያልደረቀ አገዳ ከበሮውን ሲይዘው ሸራው ለአፍታ ይንሸራተትና ምቱን ይውጣል፤ ካምቢዮው ይተርፋል። ሥራው ይህ ብቻ ነው። እንዲሠራው ግን መንሸራተት መቻል አለበት።

መፈልፈያ ሥራው ጥር ላይ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚገጥመው እናስብ። ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ይቀራል። የበልጉ ዝናብ፣ ቀጥሎም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ሰሌዳዎቹ መካከል ይገባል። ብረቱ ይዝጋል፣ ሸራው ከሰሌዳው ጋር ይጣበቃል። ኅዳር ላይ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ፍሪሲዮኑ ከውጭ ሲያዩት እንዳምናው ነው፤ በውስጡ ግን አንድ ድፍን ብረት ሆኗል። የመጀመሪያው ከባድ እስራት ሲመጣ አይንሸራተትም፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ያልፋል። ባለቤቱ «ካምቢዮው ደካማ ነበር» ብሎ ሠሪውን ይወቅሳል፣ ሠሪውም የትራክተሩን ጉልበት ያሳብባል። ጥፋቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ዝገት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ቁልፍና ትንሽ ጊዜ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ የእያንዳንዱ ሞላ ርዝመት ተለክቶ ይጻፋል። ዳዶዎቹ በእኩል ዙር ይላላሉ፤ በሰሌዳዎቹና በሸራዎቹ ጠርዝ ላይ በኖራ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ሁሉም ሰው ከርቀት ቆሞ ፒቲኦው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይያዛል፣ ወዲያው ይለቀቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ነገር መዞር ካቆመ በኋላ መስመሩ ይታያል። ከተዛነፈ ፍሪሲዮኑ ተንሸራትቷል፤ ዳዶዎቹ ሞላው ወደ ተጻፈው ርዝመት እስኪመለስ ይጠብቃሉ። መስመሩ ካልተዛነፈ ተፈትቶ ዝገቱ ይጠረጋል፣ ያለቀ ሸራ ይቀየራል። በሥራ መካከል ፍሪሲዮኑ ሲጨስ ዳዶውን እስከ መጨረሻ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ሞላው ተጨምቆ ካለቀ ግን ፍሪሲዮን የለም ማለት ነው። ቡሎን እየተበጠሰ መሣሪያውን እንዲያድን በተሠራው ዓይነት ላይም እንዲሁ ነው፤ ፋብሪካው 8.8 ካለ 8.8 ይገባል እንጂ ጠንካራ ቡሎን ወይም የአርማታ ብረት ቁራጭ አይገባም።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቀሪው የሰው ነው። በ540 ዙር ካርዳን በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል። አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ራቁት ቱቦ የጋቢ ጫፍ ከያዘ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይጠቀልላል፤ ጨርቁ በተደራረበ ቁጥር ደግሞ ይፈጥናል። የለበሰው ሰው ጨርቁን ሊያስለቅቅ አይችልም። አውድማ ላይ ያለው ሕዝብ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽ የለበሰ ነው፤ ሕፃናት አሉ፣ ነዶ የሚያቀብሉ ሴቶች አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1976 በኋላ ለተሠሩ የእርሻ ማሽኖች የፒቲኦ መከላከያ በሠራተኞች ደህንነት ደንብ አስገድዳለች። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ካርዳኑን የሚሸፍን የፕላስቲክ ቱቦና አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ መከላከያው ከካርዳኑ ጋር ይዞራል፣ ጥቅሙም ያበቃል። የፋብሪካ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ክሮቼራው በየስምንት ሰዓቱ ግራሶ እንዲጠጣ ያዛሉ፤ ግራሶ የሚያጠጣ ሰው ሰንሰለቱንም በዚያው ሊያይ ይችላል።

መሥሪያ ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ግልጽ ነው። የክልል ግብርና ቢሮዎችና የካፒታል ዕቃ ሊዝ ኩባንያዎች ማሽን ሲገዙ የጨረታ ሰነዱ ላይ ካርዳኑን በስሙ ይጻፉት፤ የጥርሱ ቁጥር፣ መጠኑ፣ የፍሪሲዮኑ የሞላ ርዝመት፣ መከላከያው። የአገር ውስጥ ወርክሾፖች መፈልፈያ ሲሸጡ የሚስማማውን ካርዳን አብረው ይሽጡ፤ የሞላውን ልክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሰሌዳ ላይ ቀርጸው ማሽኑ ላይ ይበይዱት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ኦፕሬተር ሲያሠለጥኑ ፍሪሲዮን ማላቀቅን ተማሪው በእጁ ይሥራው። ማሽን የሚረከብ ገበሬ ወይም ማኅበር ደግሞ ካርዳኑን ከነመከላከያውና ከነሰንሰለቱ ሳያይ፣ በትራክተሩ ላይ ተገጥሞ ርዝመቱ ሳይለካ፣ የርክክብ ሰነዱ ላይ አይፈርም።