ጎንደር ስትሄዱ ከፋሲል ግንብ ቁልቁል ውረዱ

ቅዳሜና እሁድን ጎንደር አሳልፎ የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ምን እንዳየ ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ጊዜ ከተረፈ ቁስቋም። ከግንቡ ብዙም ሳይርቅ በቀሃ ወንዝ አቅጣጫ የሚገኘውን፣ ሙስሊሞች ለዘመናት የኖሩበትን አዲስ ዓለምን አይቶ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። የሁለት ቀን ጉዞ ለሁለቱም ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት በግንቡ ጀምሩ። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ የእርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ነገሥታት ሕንፃዎች ይገኛሉ። ዩኔስኮም ቦታውን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ወደ ፋሲለደስ ግንብ ስትገቡ አንድ ነገር አስታውሱ። ግንቡ ገና አዲስ ሳለ አይተው ከጻፉልን ሰዎች አንዱ ሙስሊም ነው። ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ካባረሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ቀይ ባሕር ጎረቤቶቻቸው አዙረው ከየመኑ ኢማም ጋር ደብዳቤ ተጻጻፉ። ኢማሙም ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚን መልእክተኛ አድርገው ላኩ፤ እርሱም በ1648 ጎንደር ደረሰ። ኢማሙ ንጉሡ ይሰልማሉ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን በቤይሉል ወደብ በኩል የሚያልፍ የንግድ መንገድ ነበር። ተስፋው አልተሳካም፤ አል-ሐይሚ በዐረብኛ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ግን ተረፈ። በሣር ቤቶች መካከል በድንጋይና በኖራ የቆመውን ቤተ መንግሥት አድንቆ፣ አሠሪው ሕንዳዊ እንደነበር መዝግቧል።

ዙህር ሰግዳችሁ ምሳ ከበላችሁ በኋላ ወደ መዋኛው ሂዱ። በዋርካ ሥሮች የታቀፈውን የድንጋይ አጥር ቀስ ብላችሁ እዩት።

እሁድ የአዲስ ዓለም ቀን ይሁን። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቀሃ ዳር የነበረው የሙስሊሞች መንደር «እስላም ቤት» ይባል ነበር። ሰፈሩ የተለየው በአዋጅ ቢሆንም ከተማዋ ያለ ነዋሪዎቹ መኖር አትችልም ነበር። ወደ ምጽዋና ወደ ስናር የሚወጣውን የሲራራ ንግድ በአብዛኛው የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሸማኔዎችም ነበሩባቸው። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከቀሃ ማዶ አንድ ሺህ ያህል ቤቶች ያሉት የሙስሊሞች ከተማ እንዳየ ጽፏል። ታታሪ ሰዎች መሆናቸውንና ንጉሡ ሲዘምት ብዙዎቹ ድንኳኑንና ጓዙን እንደሚይዙ ይናገራል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ያያችሁት ታሪክ ግማሹ የተሠራው እዚህ ታች ነው።

ታሪኩ ሁሉ የሚያስደስት አይደለም። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን፣ በተለይም በ1878 ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ተገደዋል፤ ብዙዎችም ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዋል። በእኛው ዘመንም ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በሐጂ ኤልያስ መካነ መቃብር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተፈጸመው ጥቃት ወገኖቻችን ተገድለዋል። ወደ መቃብሩ የምትሄዱ ከሆነ ለፎቶ አትሂዱ። ሰላምታ አቅርባችሁ፣ ዱዓ አድርጋችሁ ተመለሱ።

ለአዲስ ዓለም የሚቆረጥ ትኬት የለም። መግቢያው መስጂድ ነው። ሰግዳችሁ ከኢማሙ ወይም ከጀመዓው ጋር ተዋወቁ፤ ሰፈሩን የሚያውቁ አባቶችንና እናቶችን እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። አያታቸው ምን ይነግዱ እንደነበር፣ የት እንደቀሩ፣ የት እንደተመለሱ ይንገሯችሁ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅዱ። ልጆቻችሁም አብረው ይስሙ። ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ ለሽያጭ ቢቀርብላችሁ ግን አትግዙ። ከቦታው የወጣ ኪታብ የማን እንደነበረና የት እንደተጻፈ የሚናገርለት ሰው ያጣል። በፈቃድ ፎቶ አንሡት፣ ባለቤቱ ጋር ይቆይ።

ከመነሣታችሁ በፊት ጎንደር ያለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱንና የከተማውን ጸጥታ አረጋግጡ። በአውሮፕላን የሚሄድ አዘዞ ያርፋል። ምግብ ቤት ስትገቡ የሙስሊም ሥጋ መሆኑን መጠየቅ አያሳፍርም። መንገደኛ ናችሁና ሰላታችሁን በቀስር መስገድ ይቻላል፤ ዝርዝሩን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ግንቡን የሚጠብቀው መንግሥት አለው፤ ዩኔስኮም ያውቀዋል። የአዲስ ዓለም ታሪክ ግን በአብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ነው። አንድ አባት በሞቱ ቁጥር ከእርሳቸው ጋር የሚቀበር ነገር አለ። የእናንተ እሁድ ከዚያ ጥቂቱን ሊያተርፍ ይችላል፣ ኢንሻአላህ።