መምረጥ ግዴታ፣ መሾም ክልክል፦ የካቶሊክ አስተምህሮ ለመጋቢዎቻችን ምን ይጠቅማል?

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ክርስቲያን በፖለቲካ ይሳተፋልን? መጋቢስ ፓርቲ ቢገባ ምን አለበት? ብዙዎቻችን ለሁለቱም አንድ መልስ እንሰጣለን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን ለያይታ ትመልሳቸዋለች።

ለመጀመሪያው መልሷ «አዎ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰነድ፣ «ጋውዲየም ኤት ስፔስ»፣ በቁጥር 75 መምረጥ መብትም ግዴታም መሆኑን ያስተምራል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2240) ግብር መክፈልንና መምረጥን የሕሊና ግዴታ ያደርጋቸዋል። ምክንያቱ የጋራ ጥቅም ነው። በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ የሚገኘውን እናት ሆስፒታል እናስብ፤ ታማሚው ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም ወይም ወንጌላዊ፣ የሚያስፈልገው ሐኪምና መድኃኒት ያው ነው። ለዚህ ዓይነቱ በጎ ነገር መትጋት የከተማይቱን ሰላም መፈለግ ነው (ኤር. 29፥7)።

ለሁለተኛው መልሷ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የቀኖና ሕግ ካህናት የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዙ (ቁ. 285)፣ የበላይ አካል ለልዩ ምክንያት ካልፈቀደም በፓርቲ ውስጥ በንቃት እንዳይሳተፉ ይከለክላል (ቁ. 287)። የፖለቲካው ሜዳ የምእመናን ነው፤ ካህኑ የሁሉም አባት ሆኖ ይቆያል። ይህ ግን ዝምታ አይደለም። ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 የተቋቋመውን የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን በሰብሳቢነት መርተዋል።

እኛ አማኞች ሁሉ ካህናት መሆናቸውን ስለምናምን (1ጴጥ. 2፥9) ይህን ቀኖና እንዳለ አንወስደውም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38ም በሃይማኖት ሳይለይ ለዜጎች የመምረጥና የመመረጥ መብት ይሰጣል። ስለዚህ የመጋቢው ጥያቄ የመብት ሳይሆን የጥሪ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ፣ መጋቢው አንዱን ፓርቲ ከደገፈ፣ ሌላውን የመረጠው ምእመን ኀዘን ሲደርስበት ወይም ጸሎት ሲሻ ወደ ማን ይሄዳል? በሌላ በኩል፣ ገለልተኝነት ለተበደለው አለመናገር ማለት አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በደርግ የተገደሉት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወንጌልን ከሰው ሁለንተናዊ ኑሮ ነጥለው አላስተማሩም።

እንግዲህ መጋቢ ምእመናን የምርጫ ካርድ እንዲያወጡ፣ በሕሊናቸው እንዲመርጡ፣ ድምፃቸውን እንዳይሸጡ ያስተምር፤ ለሕዝብ አገልግሎት ጸጋ ያላቸውንም ያበረታታ። ግፍ ሲያይ የአድራጊውን ፓርቲ ሳይመርጥ ይናገር። እርሱ ራሱ ለመመረጥ ከወሰነ ግን አስቀድሞ መድረኩን ለሌላ ያስረክብ።